ቁንጫ ወደ ኳሱ ስትሮጥ

እህቴን በቴሌቪዥን ያያችሁ ሰዎች ጀግና ናት ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ናት። ጋዜጠኞቹ ስለ እሷ የጻፉት ግን ግማሹ ስህተት ነው፣ ግማሹ ደግሞ የእናቴ ጉራ ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመት ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ የተኛሁ፣ ብርድ ልብስ የተጓተትኩ፣ በክርኗ አፍንጫዬን የተመታሁ ታላቅ እህቷ ነኝ፤ ከእኔ ስሙት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ሌላው ሰው ሲናደድ አፉ ይቀድማል፣ የእኔ እጄ ነው የሚቀድመው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ "ምነው ደበቅሽን" እንዳትሉኝ ነው።

ቁንጫ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ ለመያዝ ታስቸግራለች፣ ከያዟትም ትነክሳለች። ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ለአገሯ አርባ አንድ ጊዜ ተሰልፋለች፤ እናታችን ግን አሁንም "ነይ እስቲ አንቺ ቁንጫ" ነው የምትላት።

እናታችን ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ በትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ ላይ ትሠራለች። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በጋሪ እየተገፋ ይመጣላታል፣ አጥፋ ትደረድረዋለች። ሁለቱም ክንዶቿ ከክርን እስከ አንጓ የቃጠሎ ጠባሳ ናቸው። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ይጠጣል፣ ከጠጣ ነገር ይፈልጋል፣ ነገር ካጣ ደግሞ እናታችንን ይመታል። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ እኔ አሥር እሷ ስድስት ዓመታችን፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ እናታችንን በጸጉሯ ይዞ ከግድግዳ ጋር አጋጫት። እኔ አልጋ ሥር ገባሁ። ምን ላድርግ፣ ፈሪ ነበርኩ። ቁንጫ ግን ከወጥ ቤቱ በር ተነስታ ሮጣ ሆዱን በጭንቅላቷ መታችው። አባቴ በርጩማው ላይ በጀርባው ወደቀ። ከተነሳ በኋላ በጫማው ረገጣት፣ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ድምፁን ከአልጋ ሥር ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንዲያ ነው የሚለው።

ሐኪም ቤት ስንሄድ እናቴ "ከደረጃ ወድቃ ነው" አለች። ቁንጫ ደግሞ ለነርሷ "አይደለም፣ አባዬን መትቼው ነው" አለቻት። በወሩ አባታችን ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። እኔ እናቴ ያባረረችው ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ እንደገባኝ የስድስት ዓመት ልጅ የመታችው ሰውዬ መባሉን መቋቋም አቅቶት ነው። እንኳንም ሄደ።

ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ የባቡር ሠራተኞች ክበብ ሜዳ አለ። እናታችን እስክትወጣ እዚያ ነበር የምንጠብቃት፣ ሆኪንም ያየነው እዚያ ነው። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ የተሰበረ ዱላ ለምኜ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ ጀመርኩ። እሷ በዘጠኝ ዓመቷ ተከተለችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የአንዷ ዱላ የፊት ጥርሷን ገመሰው። ስባሪውን ከመሬት አንስታ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችና መጫወቷን ቀጠለች። እናቴ ማታ ያንን አይታ በጥፊ አለቻት፣ ከዚያ እኔን ሁለት ጊዜ ደገመችኝ፣ "ታላቅ አይደለሽም ወይ" ብላ። ልጅነታችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ዱላ ከሜዳ፣ ጥፊ ከቤት።

ሆኪ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ፣ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ኳሱ በአንድ እጅ ይጨበጣል፣ ጥንካሬው ግን የድንጋይ ነው። ተከላካይ ከጎሉ ፊት ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ጥፋት ስትሠራ ሾርት ኮርነር የሚባል ቅጣት ይሰጣል። አንዷ አጥቂ ኳሱን ከጎሉ መስመር ትልከዋለች፣ ሁለተኛዋ ግማሽ ክቡ ጫፍ ላይ ታቆመዋለች፣ ሦስተኛዋ ወንጫፊ ናት። ኳሱን በዱላዋ ጎትታ ትወነጭፈዋለች፣ እሱም በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ይበርራል። ተከላካዮቹ ከነበረኛዋ አምስት ብቻ ሆነው ጎሉ ውስጥ ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዷ ኳሱ ገና ሲነሳ በቀጥታ ወደ ወንጫፊዋ ትሮጣለች። ቀዳሚ ሯጭ ትባላለች። በዱላዋ ካቆመችው እሰየው፤ ካላቆመችው በሰውነቷ ታቆመዋለች።

ሕጉ ራሱ ጉድ ነው። ኳሱ ሯጯን ከጉልበቷ በታች ከመታት ቅጣቱ ይደገማል። ጉልበቷን ወይም ከዚያ በላይ ከመታት ግን አደገኛ ምት ነው ተብሎ ኳሱ ለእሷ ቡድን ይሰጣል። ማለትም አጥንትሽን ሰጥተሽ ኳስ ትገዣለሽ። ሌሎቹ ይህን ሕግ ፈርተው ነው የሚያውቁት። ቁንጫ ግን ዳኛ ሳይነቃባት ጉልበቷን ሸብረክ ታደርግና ለቅልጥሟ የመጣውን በጭኗ ትቀበላለች። ጭኗ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር፣ ሰማያዊው ሳይለቅ ሌላ ይደረብበታል። በረኛችን ገላ ስንታጠብ አይታት "አንቺ ልጅ ሰው ነሽ ወይስ የበሰበሰ ፕሪም" አለቻት። በረኛችን ግድግዳ ነው ስሟ፣ እንደ ግድግዳ ሰፊ ስለሆነች። ብዙ አትናገርም፣ ከተናገረች ግን እንዲህ ነው።

ሯጭ ሁሉ ኳሱ ከዱላው ሲለቅ ዓይኑን ይጨፍናል። የሰው ተፈጥሮ ነው፣ ጭንብል ብታደርጊም ዓይንሽ አያምነውም። ቁንጫ አትጨፍንም ነበር። አለመጨፈኗ ብቻ አይደለም፣ ኳሱ ገና ሳይለቅ የሚሄድበትን ታውቀዋለች። "በምን ታውቂያለሽ?" ስላት "ወንጫፊዋ ትናገራለቻ፣ በሰውነቷ" ነው መልሷ። የተማረችው በእኔ ላይ ነው። እኔ የክበባችን ወንጫፊ ነበርኩ፣ በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ እወነጭፋለሁ፣ እሷ ሠላሳ ጊዜ ትሮጥብኛለች። በስምንት ዓመት ስንት እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተጠራች። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ገብቼ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከአገር ውጭ ነበር፣ በሰማያዊ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ፣ ጠዋት። የእነሱ ወንጫፊ ትከሻዋ የበር ያህል ነው። በመጀመሪያው ሾርት ኮርነር ቁንጫን የጎን አጥንቷ ላይ መታቻት፣ ኳሱ ለእኛ ሆነ። በሁለተኛው ጭኗ ላይ፣ ኳሱ ለእኛ። በሦስተኛው ኳሱ ጣቷን ከዱላዋ ጋር ጨፈለቀው፤ ጓንቷን ስታወልቅ ትንሿ ጣቷ ወደ ጎን ዞራ ቀርታለች። በቀኝ እጇ ጎትታ አቀናችውና ከጎረቤቷ ጋር በፕላስተር አሰረቻት። በአራተኛው ወንጫፊዋ ወደ ሌላ ሰው አቀበለች። ግድግዳ እየሳቀች "ሰለቻት" አለችኝ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን፣ ጎሉን ያገባሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የወጣችው ግን እሷ ናት፣ በታሰረች ጣቷ። ቀናሁ ወይ? ቀናሁ። ግን በዚያ አይደለም ነገሩ የመጣው።

የመጣው በወገቤ ነው። ወንጫፊ ጎንበስ ብላ፣ ተጠማዝዛ ነው የምትወነጭፈው፣ ወገብን ይበላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ማሰር አልችልም ነበር። የምታስርልኝ ቁንጫ ናት። ቅባት የምትቀባኝም እሷ ናት፣ "እትዬ አርጅተሻል" እያለች። ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ አስምያታለሁ። በተለይ ለአሠልጣኙ። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ሲያባርርሽም አመስግኖ ነው።

ለትልቁ ውድድር ልንሄድ አሥር ቀን ሲቀረን ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። "ወገብሽ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ደህና አይደለም። ጫማሽን ራስሽ አታስሪም አሉ። ለዚህኛው ዕረፊ፣ ታከሚ፣ ለሚቀጥለው እንተያያለን።"

ጫማዬን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። ከቢሮው ስወጣ ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አገኘኋት፣ ካልሲዋን ስትስብ። ከክፍሉ ግድግዳ ጋር አጣበቅኳት። "አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች። መዋሸት መቼ ታውቃለች። "መራመድ ያቅትሻልኮ እትዬ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላሽ በከዘራ ልትሄጂ ነው? ጥይኝ፣ ግድ የለም።"

አልጠላኋትም። ጠልቻት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እተዋት ነበር። ቆሽቴ ነው ያረረው። ሌሎቹ ገብተው ለያዩን፣ ፊሽካ ተነፋ፣ የዚያን ቀን ልምምድ ጨርሼ እንድሄድ ተፈቅዶልኝ ስለነበር እኔም አብሬያቸው ወደ ሜዳ ወጣሁ። እሷ በቃ አለፈ ብላለች። እኔ ቂሜን ይዤ ነው የወጣሁት።

አሁን የምነግራችሁን ስህተት የዚህ ሙያ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፣ ደግሞም ሁሉም ይሠራዋል። ልምምድ ሲያልቅ፣ ጭንብሉ ተሰብስቦ ከረጢት ከገባ በኋላ፣ አሠልጣኞች ጥቂት ሾርት ኮርነር በቀስታ ያሠራሉ፤ ማን የት እንደሚቆም ለማየት ብቻ። በግማሽ ኃይል፣ ኳሱ ከመሬት ሳይነሳ። ሯጯ ፊቷን ሳትሸፍን ትሮጣለች፣ ምክንያቱም ምንም አይመጣም። አሠልጣኙ እንደ ልማዱ "በቀስታ፣ በመሬት" አለ። ሁለቱን በመሬት ሰደድኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ቀና አልኩ፣ ቁንጫ ወደ እኔ ስትሮጥ አየኋት፣ ፊቷ ባዶ፣ በግማሽ ፈገግታ። በሙሉ ኃይሌ፣ ወደ ፊቷ ወነጨፍኩት።

አልሸፋፍንም። አላመለጠኝም። እጄ ያደረገውን አንጎሌም ያውቅ ነበር።

ድምፁን አልነግራችሁም። ወደቀች። አልጮኸችም። ተረከዞቿ ሣሩን ይቧጭሩ ነበር፣ ደሙ በሰማያዊው ሣር ላይ ጥቁር ሆኖ ታየኝ። ግድግዳ ጓንቷን ጥላ በጉልበቷ ተንበረከከችና የቁንጫን ጭንቅላት ያዘች፣ መዳፏ ሞላ። የግራ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓይኗን አላየነውም፣ ደም ብቻ።

"አመለጠኝ" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

አሠልጣኙ "ሣሩ ነው፣ ውሃ በዝቶበታል፣ ኳሱ ነጠረ" አለ። በቃ፣ አደጋ ሆነ። ሁሉም ትከሻዬን ያሻሹኝ ጀመር።

ጉንጯ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ዓይን የሚያርፍበት ቀጭን አጥንትም ተሰንጥቋል። ሐኪሞቹ ብረትና ብሎን አስገቡላት። ዓይኗ ይተርፍ አይተርፍ ለማወቅ ስድስት ቀን ጠበቅን። እናቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ራሷ ተኩሳ የላከችው አንሶላ በጋሪ እያለፈ፣ እኔን አቅፋ "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" ትለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ።

የባሰውን ልንገራችሁ። አሠልጣኙ ከዝርዝሩ መልሶ አስገባኝ። "ቤተሰባችሁን ሁለት ጊዜ አልጎዳም" ብሎ። ወገቤን በመርፌ አደንዝዘው ላኩኝ፣ ሦስት ጎል አገባሁ፣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ቁንጫ ከአልጋዋ ሆና ደወለች። አፏ ገና አልተከፈተም፣ በጥርሷ መሐል ነው የምትናገረው። "ጎበዝ እትዬ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገባሁና በቡጢዬ የወረቀት ማስቀመጫውን ሰበርኩት። ጉልበቴን ለዕቃ ነው እንግዲህ የማሳየው።

በሰባተኛው ወር ተመለሰች። ዓይኗ ድኗል፣ ሐኪሙ የመጨረሻዋን ደቃቃ መስመር አስነብቧታል። ብረቱም ይዟል። ጭንብል አድርጋ፣ ለክበባችን ተሰልፋ፣ የመጀመሪያው ሾርት ኮርነር መጣ። ሮጠች። ኳሱ ከዱላው ሊለቅ ሲል ፊቷን አዞረች። ኳሱ አጠገቧ አልፎ ገባ። በሁለተኛውም አዞረች። በሦስተኛው ከመሐል መንገድ ቆመች። ተመልካቹ ቁንጫ ስትቆም አይቶ አያውቅም።

አሠልጣኙ በእርጋታ ነገራት። ለዓለም ውድድር የሚሄዱት ስም ዝርዝር በሦስት ሳምንት ይወጣል። "ፊቷን የምታዞር ሯጭ ይዤ አልሄድም። የሦስት ሳምንት ጊዜ አለሽ፤ ካልሆነ በክብር ብትሰናበቺ ይሻላል" አላት። እሷ ያለ ሆኪ ምን አላት? ትምህርቷን ለዚህ ትታለች። እናቴ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቦታ ልትለምንላት ጀምራ ነበር። ቁንጫ አንሶላ ስታጥፍ ትታያችኋለች?

ሁሉን ሞከረች። የኳስ መወርወሪያ ማሽን ፊት ቆመች፣ አዞረች። በቴኒስ ኳስ አዞረች። ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ ፎጣ ስትወረውርላት እንኳ አዞረች፣ ከዚያ ፎጣውን አንስታ በጥርሷ ቀደደችው።

"ዓይንሽ ደህና ነው ተብሏልኮ" አልኳት።

"ያያል። እኔ ነኝ የማላምነው" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላብራራችም። ከዚያ "እትዬ፣ አንቺ ወንጭፊልኝ" አለች። "ከሌላው ሰው ምን እንደሚመጣ አላውቅም። አንቺን ግን አምንሻለሁ።"

 እንቢ ልል አልቻልኩም።

በማግስቱ ንጋት ላይ የክበቡን ሜዳ አስከፈትን። ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ጎሉ ውስጥ ገባች፣ ጭንብሏን አሰረች። እኔ ኳሱን ገፍቼ በመሬት ሰደድኩ። አቆመችው። ደግሜ በመሬት። አቆመችው። "ወደ ላይ" አለች። በመሬት ሰደድኩ። አሥር ጊዜ ወደ ላይ አለችኝ፣ አሥር ጊዜ በመሬት።

ጭንብሏን አውልቃ መጣች። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ቀልቶ ነበር። "ሕፃን መሰልኩሽ?" አለችኝ። "ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ። እያዘንሽልኝ ልታስቀሪኝ ነው?"

"አልችልም።"

"ወገብሽ ነው?"

"ወገቤ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው? አንዴ አመለጠሽ፣ አለፈ። እኔ ይቅር ብዬ አንቺ ምን ያስፈራሻል?"

"አላመለጠኝም" አልኳት።

"ምኑ?"

"ያን ቀን። ሆን ብዬ ነው። ፊትሽን አይቼ ነው የወነጨፍኩት።"

ጠበቅኩ። ትጮኻለች ብዬ፣ ታለቅሳለች ብዬ። ዱላዋን በሁለት እጇ ይዛ ሣሩን እያየች ቆመች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

"ቀኝ ትከሻሽን ዝቅ አድርገሽ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ከመጎተትሽ በፊት?"

"ከመጎተቴ በፊት።"

"አየሁትኮ" አለች። ድምፏ የሌላ ሰው ሆነብኝ። "ትከሻሽ ሲወርድ አየሁ። ወደ ፊቴ ነው አልኩ። ጎንበስ ልል ነበር። ከዚያ እሷ ናትኮ፣ አታደርገውም አልኩና ሮጥኩ።" ዱላዋን ጨበጥ አደረገች። "ሰባት ወር ሙሉ ዓይኔ ተሳስቷል ብዬ፣ የሌለ ነገር ያሳየኛል ብዬ... በትክክል ነበር ያየሁት።"

"በትክክል ነው" አልኳት።

መጀመሪያ የመታችኝ በዱላዋ ነው፣ ቅልጥሜ ላይ። ወደቅኩ። ደረቴ ላይ ወጥታ በቡጢ አፌን አለችኝ፣ ከንፈሬ በጥርሴ ተበሳ፣ ደግማ አፍንጫዬን። እጄን አላነሳሁም። ማንሳት እችል ነበር፣ ጉልበተኛዋ እኔ ነኝ፤ ግን በየትኛው ፊቴ። አራት ነው አምስት ጊዜ መታችኝ፣ ትንፋሿ እስኪያጥር። ደሜ ጉሮሮዬ ውስጥ ሲገባ እያነቀኝ ሳልኩ። ተነሳች። ጭንብሏን አጠለቀች።

"ኳስ አምጪ" አለችኝ። "ወደ ላይ። በሙሉ ኃይል። ከቀነስሽ አውቃለሁ።"

እያነከስኩ፣ እያለቀስኩ፣ ደሜን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ወነጨፍኩ። የመጀመሪያውን በዱላዋ አወረደችው። ሁለተኛውን ወደ ጎን ሰደደችው። በአምስተኛው ጭኗን መታኋት፣ ተነሳች። በዘጠነኛው የጎን አጥንቷን፣ ተንበርክካ ትንፋሿን ፈለገች፣ ተነሳች። ሃያ ወነጨፍኩ። ሃያውንም ከጭንብሉ ውስጥ ዓይኗን አየሁት፣ አንዴም አልጨፈነችም፣ አንዴም አላዞረችም። እኔን ነበር የምታየው፣ ትከሻዬን፣ አንጓዬን፣ ዳሌዬን፤ ሰው የማያምነውን ዕቃ አገላብጦ እንደሚያይ።

ኳሶቹን ሰብስባ ስትጨርስ "ለአሠልጣኙ አንቺ ትነግሪዋለሽ" አለችኝ። በዚያው ቀን ነገርኩት። አመስግኖ አባረረኝ። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ እንዲሄድ ቁንጫ አልፈቀደችም። ለእናቴም ነገርኳት። በእጇ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ወረወረችብኝ፣ ሳተችኝ፣ "መወርወሩንም አልቻልኩበት" ብላ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቁንጫ ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ወደ ውድድሩ ሄደች። እኔና እናቴ ቤት ሆነን በቴሌቪዥን አየን፤ ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፣ ብንኮራረፍም አብረን ነው የምናየው። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ሾርት ኮርነር ተሰጠብን፣ አራቱንም ሮጠች። በሦስተኛው ኳሱ ሆዷን መታት። እናቴ ፊቷን በትራስ ሸፍና "ተነሳች? ተነሳች ወይ?" ትለኛለች። "ተነሳች" አልኳት። ኳሱ ለእኛ ሆነ።

ማታ እናቴ ጋ ደወለች። ትንሽ ካወሩ በኋላ እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። "አንቺን ነው የምትለው" አለች፣ እሷም ገርሟት። ከዚያ ንጋት ወዲህ ሁለት ወር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። 

"ነገ የምንገጥማቸውን ሰዎች ጨዋታ አይተሻል?" አለችኝ። ደህና ነሽ የለ፣ እትዬ የለ።

"አይቻለሁ።"

"ወንጫፊያቸው ግራ የሚያጋባ ነገር አላት። አንቺ ምን ታየሽ?"

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። እግሯን እንዴት እንደምታስቀምጥ፣ መቼ ወደ በረኛዋ ግራ እንደምትሰድ፣ መቼ እንደምታታልል። ትጽፍ ነበር መሰለኝ፣ "እሺ፣ ቀጥይ" እያለች። በመጨረሻ "ተጠንቀቂ ደግሞ" አልኳት፣ "ቀኝ ትከሻዋ ቀድሞ ዝቅ ካለ ወደ ፊትሽ ነው።"

"እሱን አውቀዋለሁ" አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።